«አንተ ራስህ ስንት ገብተህ ነው?»

ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የማይስማማ ሰው ካለ ደስ ይለኛል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሟገተኝ እንጂ ርዕሱን ብቻ አይቶ አይሳደብ።

ሯጮቻችን ከትልቅ ውድድር የጠበቅነውን ወርቅ ሳያመጡ በተመለሱ ቁጥር የማትቀር አንዲት መድኃኒት አለች። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከሰለሞን ባረጋ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሌላ ወርቅ ስናጣ ሰማኋት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቻታለሁ። «ኃይሌ ለምን አያሰለጥናቸውም? ዓለምን ያንበረከከ ሰው እያለን እነዚህ ማን ስለሆኑ ነው ልጆቹን የያዙት?» ሻይ ቤት ትባላለች፣ ታክሲ ውስጥ ትባላለች፣ እኛው መምህራን እረፍት ሰዓት ላይ ተሰብስበን እንላታለን። ከሷ ተከትላ የምትመጣው ደግሞ ለአሰልጣኙ የምትወረወረው ጥያቄ ናት፦ «አንተ ራስህ ስንት ገብተህ ነው?»

እኔ የተጣላሁት ከዚች ጥያቄ ጋር ነው። ላይ ላዩን ሲያዩዋት ታምራለች፤ የነገሠ ለሚነግሠው ያውርስ ነው ነገሩ። ግን ስህተት ናት። ስህተት ብቻ ብትሆን እተዋት ነበር፤ ሰው ትጎዳለች።

መጀመሪያ ግልጽ ይሁን፤ ይህ ኃይሌን ለማንኳሰስ የተጻፈ አይደለም። ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን ሲቀድመው ጎረቤት ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ ያየሁ ልጅ ነኝ። 25 ዙር ተሩጦ ልዩነቱ ከመቶ የሰከንድ ክፋይ 9 ብቻ! ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አይደርስም። አሁን አንድ ወጣት ሯጭ ሄዶ «ጋሽ ኃይሌ፣ ያቺን የመጨረሻዋን 50 ሜትር እንዴት ነው የሮጧት?» ቢለው ምን ይመልስለታል? ሮጣታ! እግሩ አወቀ፣ ሳንባው አወቀ፣ ልቡ እምቢ አለ። ያ እውቀት የኃይሌ ነው፤ ከሰውነቱ ተቆርጦ ለሌላ ሰው አይሰጥም። መሮጥ አንድ ሙያ ነው፣ ማስሮጥ ሌላ ሙያ ነው።

ይህን እኔ ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አያለሁ። እንደምታውቁት ሒሳብ ነው የማስተምረው። ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን አንድ ልጅ አልገባው ይላል። የክፍሉን አንደኛ «እስቲ አስረዳው» እለዋለሁ። «ቲቸር፣ ይሄ'ኮ ግልጽ ነው!» ይላል። በቃ። ለሱ ሁሌም ግልጽ ስለነበረ፣ አለመግባት ምን እንደሚመስል አያውቀውም። ከዚያ ባለፈው ሳምንት እዚያው ጥያቄ ላይ እንባ የተናነቃት ልጅ ከሦስተኛው ረድፍ ትነሳና «ለሦስት ሰው ሁለት ሁለት ብር ዕዳ ቢኖርብህና ሦስቱም ተወው ቢሉህ፣ ስድስት ብር አተረፍክ ማለት አይደል?» ትለዋለች። ልጁ ሳቅ ይላል። ገባው! አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው፤ አስተማሪዋ ግን እሷ ናት። እሷ መንገዱን በእግሯ ስለሄደችው ድንጋዩ የት የት እንዳለ ታውቃለች።

ኳስ ለምትወዱት ደግሞ የ2010ሩን የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ላስታውሳችሁ። አሰልጣኙ ማራዶና፣ ተጫዋቹ ሜሲ። ከዚህ የበለጠ «ታላቅ ታላቅን ያሰልጥን» የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ሩብ ፍጻሜ ላይ ጀርመን 4 ለ 0 ሸኘቻቸው፤ ሜሲ ያን ውድድር አንድ ጎል ሳያገባ ጨረሰ። 12 ዓመት ቆጥራችሁ ኳታር ኑ። ያው ሜሲ፣ ዕድሜው የገፋ ሜሲ፣ ዋንጫውን አነሳ። አሰልጣኙ ሊዮኔል ስካሎኒ። ተጫዋች በነበረበት ዘመን ፖስተሩን ግድግዳው ላይ የለጠፈ ሰው ከመካከላችሁ አለ?

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደማታዩት ሜዳ ልወስዳችሁ ነው። ጎልፍ። አትሳቁ! የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። በእኛ አትሌቲክስ ማን ያሰልጥን በሚለው ነገር ውስጥ ፌዴሬሽን አለበት፣ ክለብ አለበት፣ ማናጀር አለበት፣ ይሉኝታም አለበት። በጎልፍ ግን ተጫዋቹ አስተማሪውን በራሱ ኪስ ይቀጥራል፤ ካልጠቀመው በማግስቱ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ጥያቄያችን እዚያ ጠርቶ ይታያል፦ ሻምፒዮኑ የፈለገውን ሰው መቅጠር የሚያስችል ገንዘብ ሲኖረው ማንን ቀጠረ?

ጃክ ኒክላውስ 18 ጊዜ ሜጀር ያሸነፈ፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ሰው ነው (ሜጀር የሚሏቸው በዓመት አራት የሆኑትን ታላላቅ ውድድሮች ነው)። እሱን ያስተማረው ጃክ ግራውት የሚባል የክለብ አስተማሪ ነው። ኦሃዮ ውስጥ በ10 ዓመቱ አገኘው፤ ኒክላውስ ዓለም ካወቀው በኋላም ወደዚያው ሰውዬ እየተመለሰ ይታረም ነበር። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 አራቱን ሜጀሮች በተከታታይ ሲጠራርግ አስተማሪው ቡች ሃርመን ነበር፤ ሃርመን ራሱ በተጫዋችነት አንድ ሜጀር የለውም። ልብ በሉ፣ ያኔ ኒክላውስ በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው። ታይገርም ብር አልቸገረውም። ለምን 18 ጊዜ ያሸነፈውን አልቀጠረም? የዛሬው የዓለም ቁጥር አንድ ስኮቲ ሼፍለርስ? ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ የያዘው ራንዲ ስሚዝ የሚባል አስተማሪ ነው። ማስተርስ የሚባለውን ውድድር በ2022 አሸነፈ፣ በ2024 ደገመው፤ ወደ ታላላቆቹ ደጅ ሄዶ «አሰልጥኑኝ» አላለም። በልጅነቱ ዱላ አያያዝ ካሳየው ሰው ጋር ነው ያለው።

ተቃዋሚዎቼን ግን አልሰርቅም። ለእነሱ የሚመሰክር ሰው እዚያው ጎልፍ ውስጥ አለ፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ባይረን ኔልሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ ዓመት 18 ውድድር አሸነፈ፤ ከነሱም 11ዱን በተከታታይ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና በ34 ዓመቱ፣ በቃኝ ብሎ ቴክሳስ ገብቶ የከብት እርባታውን ያዘ። ከዚያ 1974 ይመጣል። ቶም ዋትሰን የሚባል የ24 ዓመት ልጅ የአሜሪካ ኦፕንን እስከ ሦስተኛው ቀን ሲመራ ይቆይና በመጨረሻው ቀን 79 ምት መትቶ ይወድቃል (በጎልፍ ጥቂት የመታ ነው የሚያሸንፈው፤ 79 ለመሪ ውርደት ነው)። መልበሻ ክፍል አንገቱን ደፍቶ እንደተቀመጠ 62 ዓመት የሞላው ኔልሰን መጣ፤ አጽናናው፤ ስትፈልግ እረዳሃለሁ አለው። ዋትሰን በሚቀጥለው ዓመት ስኮትላንድ ላይ ብሪቲሽ ኦፕንን አሸነፈ። በኋላም ወደ ኔልሰን እርሻ እየሄደ አብሮት ሠራ፤ በጠቅላላው 8 ሜጀር ይዞ ጨረሰ።

«ይኸው! ጡረታ የወጣ ታላቅ ሻምፒዮን አሰለጠነ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ አሰለጠነ። ማን አይቻልም አለ? ግን ኔልሰን ማን እንደነበር ተመልከቱ። በሱ ዘመን ጎልፈኛ በሽልማት ብቻ ቤተሰብ አያስተዳድርም ነበር። የክለብ ተቀጣሪ ነበር፤ ሐኪሙን፣ ነጋዴውን፣ ኳሷን መንካት ያቃተውን አባል ሁሉ ቆሞ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ዋትሰን ፊት ሲቀርብ ማስተማርን አዲስ አልጀመረም። ደግሞም ዋትሰን ከባዶ አልመጣለትም፤ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከልጅነቱ የያዘው ስታን ተርስክ የሚባል የክለብ አስተማሪ ነበረው። ኔልሰን የመጣው መሠረቱ ከወጣ፣ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ነው። ጣሪያውን አብሮ አነሳ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ቤቱን ብቻውን አልሠራም።

ዚዳንን ለምታነሱም መልሱ ያው ነው። ሪያል ማድሪድን ይዞ ከ2016 እስከ 2018 ሦስት ተከታታይ ቻምፒየንስ ሊግ ወሰደ። ከዚያ በፊት ግን አንቸሎቲ ስር ረዳት ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ይዞ በታችኛው ሊግ ሜዳ ለሜዳ ዞሯል፣ የአሰልጣኝነት ትምህርቱን ወስዷል። ዚዳን ሆኖ ሳለ! የኛ ሰው ይህችን ክፍል ይዘላታል። ታላቁ ሰው ጫማውን በሰቀለ ማግስት ፊሽካና ሰዓት ይሰጠው ነው የሚለው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። አበበ ቢቂላን ለሮም ያዘጋጀው ኦኒ ኒስካነን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሌለው ስዊድናዊ ነው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደራርቱን፣ ኃይሌን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያዩ ሰው ናቸው፤ ዕውቀታቸውን ሃንጋሪ ሄደው ተምረውት ነው የመጡት። ሞስኮ 1980 የ10 ሺህ ሜትሩን ታስታውሳላችሁ (እናንተ አትደርሱበትም፤ አባቶቻችሁን ጠይቁ)። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር ወርቅ፣ ሙሐመድ ከድር ነሐስ። አራተኛ ማን ወጣ? ቶሎሳ ቆቱ። በኋላ የነቀነኒሳ ትውልድ ሲነሳ ከብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኞች አንዱ የሆነው ያ አራተኛ የወጣው ሰው ነው። በቆጂንማ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በልጅነታቸው ያለፉት በአንድ የስፖርት መምህር እጅ ነው፤ ስንታየሁ እሸቱ። የትምህርት ቤት መምህር። ራሱ በሩጫ የታወቀ አልነበረም። አንድ ሰው በዚያን ጊዜ ሜዳው ላይ መጥቶ «አንተ ራስህ ስንት ገብተህ ነው?» ብሎ አባሮት ቢሆን ኖሮ ስንት ወርቅ እንዳጣን አስሉት። እኔ ሒሳብ መምህር ሆኜ ማስላት ያስፈራኛል።

ተቀናቃኞቻችን ኬንያውያንም ከዚህ አይርቁም። ኢቴን በሚገኘው ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሊያስተምር እ.ኤ.አ. በ1976 የመጣው አየርላንዳዊ ወንድም ኮልም ኦኮኔል አትሌቲክስ የሚባል ነገር በሙያ አያውቅም ነበር። ልጆቹን እያየ ተማረ። ዴቪድ ሩዲሻ ለንደን ላይ 800 ሜትርን በ1:40.91 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር አሰልጣኙ ይህ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የኪፕቾጌ አሰልጣኝ ፓትሪክ ሳንግ በርግጥ ሯጭ ነበር፤ በመሰናክል ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ ብር፣ በዓለም ሻምፒዮናም ሁለት ጊዜ ብር። ሁልጊዜ ሁለተኛ! ያ ሁለተኛ የሚወጣ ሰው ነው ገና ጎረምሳ ሆኖ «ፕሮግራም ጻፍልኝ» ብሎ የመጣውን የመንደሩን ልጅ ይዞ፣ ፓሪስ 2003 ላይ ኤል ገሩዥንና ቀነኒሳን ያስቀደመው። ያን ቀን ያለቀስን እናውቃለን።

ቆይ ግን፣ ነገሩን በቀላል ሎጂክ እንየው። አሰልጣኝ ከሰልጣኙ የበለጠ ሯጭ መሆን አለበት ካልን፣ ኃይሌ በዓለም አንደኛ በነበረበት ዘመን ኃይሌን ማን ሊያሰለጥነው ነው? ማንም። ቀነኒሳ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ሲሮጥ ከሱ በፊት እንዲያ የሮጠ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ታዲያ አሰልጣኙ ከየት ይምጣ፣ ከጨረቃ? ሁሉም ክብረ ወሰን የሚሰበረው ከሰልጣኙ ባነሰ ሯጭ እጅ ነው። ሌላ አማራጭ የለም'ኮ!

አሰልጣኝ የሚሠራውን ብታዩ ጥያቄዋ ትስቃችኋለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ቆሞ ነው የሚገኘው። ማን ዛሬ ኮሮኮንች ይሩጥ፣ ማን አስፋልት፣ ማን ይረፍ ብሎ የሚወስን እሱ ነው። ጉልበት ያለውን «ቀስ በል» ማለት፣ ጉልበቱን ያመመውና የሚደብቀውን ልጅ ከአረማመዱ ማወቅ፣ ቤቱ ራት ያልበላውን ከፊቱ ማንበብ፣ ከውድድር ሦስት ሳምንት በፊት ልምምዱን መቀነስና ልጁ «ሰነፍኩ» ብሎ ሲፈራ ማረጋጋት። ይህ ሁሉ በፍጥነት የሚሠራ አይደለም፤ በዓይንና በትዕግሥት ነው። ታላቅ ሯጭ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያየው አንድ ሰውነት ነው፤ የራሱን። ሥራው ያ ነበራ! ለሱ የሠራው ፕሮግራም ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ የሚገድለውም አለ። አሰልጣኙ ግን ሃያ ሠላሳ ዓይነት ሰውነት አይቷል። የወደቁትንም አይቷል፤ ከወደቁት ነው ብዙ የሚማረው።

አሁን ለምን እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። ከናንተው አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የፕሮጀክት አሰልጣኝ ሆኗል። በሒሳብ ደህና ነበር፣ በሩጫ ግን አማካይ ነበር፤ አይክደውም። ሠላሳ ሁለት ሕፃናት ይዞ በሳምንት አምስት ቀን ሜዳ ይወጣል። ክፍያው ለታክሲ ቢበቃው ነው። በቅርቡ አንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «አንተ ራስህ ስንት ገብተህ ነው ልጆች የምትይዘው? ስም ያለው ሯጭ እናመጣለን» አለው። ልጁ ማታ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ እውነቱን ነው እንዴ?» አለኝ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ስልክ ናት።

እኔ ደግሞ ጥያቄዋን ከሱ በፊት አውቃታለሁ። በዲፕሎማ ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፤ ደንቡ ዲግሪ ይላል፣ የመምህር እጥረቱ ደግሞ የራሱን ይላል። አንድ ወላጅ ልጁ ፊት «ጎበዝ ብትሆን እዚህ አስተማሪ ሆነህ ትቀር ነበር?» ብሎኛል። «ሆነህ ትቀር ነበር»። መምህርነት ሌላ ቦታ መድረስ ያቃተው የሚቀርበት ፌርማታ ነው ማለት ነው። የአሰልጣኙም ነገር ያው ነው፦ መሮጥ ቢችል ይሮጥ ነበር፣ ስላልቻለ ያስሮጣል። ሁለቱም ስድብ ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጡት። ከናንተ ውስጥ ኢንጂነሪንግ የጨረሳችሁ አላችሁ፤ እናንተ የምትሠሩትን ሒሳብ እኔ ወረቀቱን ገልብጬ ባየው አይገባኝም። አያሳፍረኝም። አምጥቼ በር ላይ አድርሼያችኋለሁ፤ የገባችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ከናንተ በላይ ባውቅ ነበር ነገሩ የሚያሳዝነው።

ታላላቆቻችን ታዲያ ምን ያድርጉ? የሚችሉት ሞልቷል፤ እያደረጉትም ነው። ኃይሌ በ2001 የተጀመረውን ታላቁን ሩጫ ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ለአገር ሩጫ ከዚያ በላይ ምን ይደረጋል? ደራርቱ በ2018 ፌዴሬሽኑን ልትመራ ተመርጣለች። አንድ ታላቅ ሯጭ ካምፕ መጥቶ ከልጆቹ ጋር ምሳ ቢበላ ልጆቹ ለወር አይተኙም። ዋትሰን መልበሻ ክፍል ውስጥ ያገኘው ዓይነት ነገር ነው፤ ያን እኔም የፕሮጀክት አሰልጣኙም ልንሰጥ አንችልም። ማሰልጠን እፈልጋለሁ የሚል ካለ ደግሞ በሩ ክፍት ይሁን፤ ሲጀምር ግን እንደማንኛውም ሰው ይጀምር። ኮርሱን ይውሰድ፣ የ15 ዓመት ልጆች ይያዝ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሰዓት ይዞ በብርድ ይቁም። ሜዳሊያው መግቢያ ካርድ ይሁነው እንጂ የምስክር ወረቀት አይሁነው። እሱን ለማስገባት ብሎ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሕፃናት «አሰልጣኛችን» የሚሉትን ሰው በስብሰባ መሃል ማዋረድ ነውር ነው። ያ ኃላፊ ይህን ካነበበ፣ ስሙን እንዳልጠራሁ ልብ ይበል።

የመጨረሻው ነገር። ይህ ልጅ ሠላሳ ሁለቱንም የሚለካው በስልኩ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ዝናብ ላይ ይጠፋበታል። ሁለት ስቶፕዎች ቢያገኝ ሥራው ይቀላል። ውጭ ያላችሁ፣ ዱባይም ዋሽንግተንም፣ ለበዓል የሚመጣ ሰው ካላችሁ ያገለገለ የሩጫ ጫማም ቢሆን ላኩልን፤ ሶሉ ያላለቀ ይሁን እንጂ ቀለሙ ግድ የለም። ቁጥሩ ከ36 እስከ 41 ነው የሚሆናቸው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከሱ ጋር አገናኛችኋለሁ።